የባትሪው መሰኪያ

ልጅቱ እጇን እስከ ክርኗ ከሮቦቱ የብረት ከበሮ ስር አስገብታ የመጨረሻውን ጥርስ በብሎን ታጠብቅ ነበር። በማግስቱ የሮቦቶች ፍልሚያ ነበረባቸው፤ ያ ከበሮ መሽከርከር ከጀመረ ደግሞ ብረትን እንደ ወረቀት ይቦጫጭቅ ነበር። አባቷ ሪሞቱን ይዞ አጠገቧ ቆሟል። ሁለት ጣቶቹን የብረት መቅረጫው ቶርኖ ማሽን ስለበላበት፣ በዚህ ቤት አንድ ሕግ አውጥቷል፤ እጁን ከበሮው ውስጥ የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ የባትሪውን መሰኪያ ነቅሎ ኪሱ ይከታል።

«መሰኪያውስ?» አላት።

ቀና ሳትል በግራ እጇ የቱታዋን ኪስ መታ መታ አደረገች። «ኪሴ ውስጥ ነው አባዬ። ደግሞ ጀመርክ።»

ፈገግ ሊል ሲል ባትሪው ሲሰካ የምትበራው የሮቦቱ ትንሿ ቀይ መብራት በርታ አያት። ክው አለ። አውራ ጣቱ ከበሮውን የሚያስነሳው ቁልፍ ላይ ነበር። መጮህ ፈለገ፤ ግን የገዛ ድምፁ ጣቱን እንዳያስደነግጥበት ፈራ። ሪሞቱን እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው።

«እስቲ እጅሽን አውጪልኝ፣ እናቴ።»

«አንድ ብሎን ብቻ ነው የቀረኝ እኮ።»

«አውጪልኝ።»

እየተነጫነጨች አወጣች፤ መሰኪያውንም ከኪሷ መዝዛ አፍንጫው ስር ያዘችለት። «ይኸው ሕግህ።»

አባትየው አየና ወዲያው አወቀው። ትናንት ራሱ የሠራው መጠባበቂያ መሰኪያ ነበር። ልጅቱ ኪሷን ስትዳብስ ስላገኘችው ዋናውን የነቀለችው መስሏታል። የለበሰችው ቱታ የእሱ ነበር፤ መጠባበቂያውን እዚያ ኪስ ውስጥ የረሳውም እሱ ነበር።