ከሃያኛው ፎቅ

ሴትዮዋ ከሃያኛው ፎቅ ቁልቁል ስትምዘገዘግ ሙኒያ የባሏን እጅ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ከእሑድ የቀበሌ ስብሰባ በቀጥታ የመጣው ጎረቤት አዲሱ ገበያ በሚገኘው የአማን ሱቅ ጓዳ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ ተደርድሮ አዲሱን የቪዲዮ ዴክ ከቦት ነበር። ባለሱቁ አማንም ከሙኒያ በስተግራ ተቀምጧል። ፊልሙ ላይ በራሪው ሰውዬ ሴትዮዋን ሊይዝ ከሰማይ ሲወረወር ሙኒያ አፏን ከፍታ ቀረች። በሦስት ዓመት ትዳራቸው ባሏን አንድም ቀን እንዲህ ባለ ዓይን አይታው አታውቅም።

ባልየው የፊዚክስ መምህር ነበርና አላስችል አለው። "ውሸት ነው!" ብሎ እጁን ከእጇ መንጭቆ አወጣ። ቀኝ መዳፉን እንደ ሴትዮዋ ከላይ ለቀቀው፤ ግራ ክንዱን እንደ ሰውዬው ከታች ዘረጋ። "በዚህ ፍጥነት መጥታ ክንዱ ላይ ካረፈች አስፋልት ላይ ከመውደቅ በምን ይለያል? ሁለት ቦታ ነው የምትቆረጠው! ደግሞስ እሱ ምን ረግጦ ነው የሚወነጨፈው?"

"መምህር፣ በአላህ እንይበት!" አለ አንዱ ከኋላ።

"ክብደቷን በፍጥነቷ አባዙትና ንገሩኝ!"

ሁለቱም እጆቹ አየር ላይ እንዳሉ ጓዳው በአንድ አፍ "እፎይ!" አለ። ሰውዬው ሴትዮዋን ቀልቦ፣ አንድ ፀጉሯ እንኳ ሳይበተን መሬት ላይ አቆማት። መምህሩ እያጉረመረመ የሚስቱን እጅ ፈለገ። ጭኗ ላይ አልነበረም። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ በድንጋጤ የጨመደደችው የአማንን እጅ ነበር። ሴትዮዋ መሬት ረግጣ መሄድ ጀምራለች፤ ሙኒያ ግን ገና አልለቀቀችም።