ከአግዳሚው ሥር ያሉት ሳህኖች

አቶ ኮርሳ ሰባተኛዋን ባዶ ሳህን በጋቢያቸው ጫፍ ከለል አድርገው ከተቀመጡበት አግዳሚ ሥር ሸጎጧት። ሳህኗ የስኒ ታላቅ እህት ብትባል ነው፤ ከሦስት ጉርሻ በላይ አትይዝም።

«ምን እየደበቅህ ነው?» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት የዕድራቸው ዳኛ ጋሽ ቸኮል፣ ካቀረቀሩበት ሳህን ገና ቀና ብለው።

«ዝም ብለህ ብላ።»

«እኔማ እየበላሁ ነው። እየው!» ጋሽ ቸኮል ፊታቸው ያነባበሯቸውን አምስት ሳህኖች በጣታቸው መታ መታ አደረጓቸው። «አንተ ግን አንድም የለህ። ኧረ ለልጅህ ስትል እንኳ ቅመስላት!»

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ነው፤ ለቡ ያለችው የልጃቸው የኦብሴ የታይላንድ ኑድል ቤት ጢም ብላለች። በየጠረጴዛው ባዶ ሳህን ተከምሯል። አሥር ሳህን የጨረሰ ሰው ስሙ ግድግዳው ላይ በነጭ ቀለም ይጻፍለታል። ሃምዛ አለ፣ ውዳሴ አለች፣ አንድ ዳዲ የሚባል ደግሞ ሁለቴ ተጽፏል።

ለአቶ ኮርሳ ይህ ነውር ነው። እሳቸው ባደጉበት ቤት የእንግዳ ጉርሻ አይቆጠርም። እንጀራ የሚጨምር ሰው እንኳ ዓይኑን መለስ አድርጎ ነው የሚጨምረው። የገዛ ልጃቸው ሰው የበላውን ፊቱ ላይ ስታስከምርበት ሲያዩ አፈሩ፣ ስለዚህም ደበቁ። የደበቁበት ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ እሱን ግን ለማንም አይናገሩም።

ኦብሴ የሆቴል ሥራዋን ትታ ይህን ቤት ልትከፍት ስትነሣ፣ «የሰው አገር ፓስታ ለቡ ላይ ማን ይበላልሻል? ሁለት ወር አትቆዪም» ብለዋት ነበር። በመክፈቻው ቀን አልመጡም። ቤቱ ያለ አባት ምርቃት ተከፈተ። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ እየመጣች ከጓሯቸው በሶብላ ስትቀጥፍ፣ ስትወጣ የምትላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አባ፣ አንድ ቀን መጥተህ መርቅልኝ።» ይኸው አራተኛ ወሯን ይዛለች።

ዛሬ ጋሽ ቸኮል እጃቸውን ይዘው ባይጎትቷቸው ኖሮ አይመጡም ነበር። ሲመጡም ላይቀምሱ ምለው፣ ቤታቸው ጥግብ ብለው በልተው ነው። ነገር ግን መረቁ ፊታቸው ሲቀርብ የጓሯቸው በሶብላ ሸተታቸው፣ ሥጋው አፋቸው ውስጥ ሟሟ፣ ሚጥሚጣው አፍንጫቸውን ሰነፈጠው። መሐላው የመጀመሪያዋን ሳህን እንኳ አላለፈም።

ኦብሴ ትሪ ይዛ መጣች። ሽርጧ እርጥብ ነው፤ ግንባሯ ላይ ላብ አለ።

«ለምንድን ነው ሰው የምታስቆጥሪው?» አሏት ኮስተር ብለው።

«አባ፣ አለቃዬ የነበረችው ታይላንዳዊት ናት ያስተማረችኝ። እነሱ አገር ድሮ በጀልባ ላይ ነው የሚሸጡት፤ ትልቅ ሳህን ከጀልባ ወደ ጀልባ ሲያቀብሉት ይደፋል፤ ለዚያ ነው ያነሰው። የሚከምረው ደግሞ በላተኛው ራሱ ነው። ብዙ ከከመረ ባለሙያዋን አከበረ ማለት ነው።»

«ለቡ ላይ ደግሞ ጀልባ የት አየሽ?»

«ክረምት ይግባና እናይ የለ!» አለች። ጋሽ ቸኮል በሳቅ መረቁ ትን አላቸው።

ኦብሴ ሁለት ሳህን ለአባቷ አስቀመጠች። ስታጎነብስ ዓይኗ ከአግዳሚው ሥር አረፈ፤ አቶ ኮርሳ አዩዋት። ሳህኖቹን ስታስቀምጥ ፊቷን ወደ በሩ መለስ አደረገች፣ ልክ እናቷ እንጀራ ስትጨምር እንደምታደርገው። ከዚያ ትሪዋን ይዛ ሄደች።

አቶ ኮርሳ ሁለቱንም በሉ። ቀና ሳይሉ በሉ።

«ሽማግሌው አልጣማቸውም መሰለኝ፤ አንድም አልከመሩም» አለች ከበስተጀርባቸው አንዲት ወጣት ደንበኛ።

«አባቴ ናቸው» ስትል ሰሙ ኦብሴን። «ግድ የለም፣ እሳቸው ቀስ ብለው ነው።»

አልተናደደችም። እሷ ብትናደድ ይሻላቸው ነበር። ይህ ሁሉ ባዳ ልጃቸውን ፊት ለፊት ሲያከብራት፣ የእሳቸው ጠረጴዛ ብቻ ራቁቱን ነው።

አቶ ኮርሳ ጋቢያቸውን ገፋ አድርገው ጎንበስ አሉ። አንዷን ሳህን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሁለተኛዋን በላይዋ። ሦስተኛዋን። ከአምስተኛዋ በኋላ ጋሽ ቸኮል ማኘካቸውን አቆሙ።

«አንተ ጉደኛ! ስንት ነው የበላኸው?»

«ቁጠር» አሉ አቶ ኮርሳ። ዘጠኝ ሆነ። «ኦብሴ! አንድ ጨምሪልኝ!»

አሥረኛዋን ቤቱ ሁሉ እያያቸው በሉ። ሳህኗን ከላይ ደፍተው ብድግ አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ። ሹካ የያዘ ሁሉ ሹካውን አስቀመጠ።

«ቤትሽ አይጉደል። እጅሽ ይባረክ። የገባ ጠግቦ ይውጣ፣ የወጣ ተመልሶ ይምጣ። ሁለት ወር ያለሽ አፍ ይኸው በልቶ አፈረ!»

«አሜን!» አለ ቤቱ፤ የጋሽ ቸኮል ከሁሉ በለጠ።

ኦብሴ የቀለሙን ብሩሽ ይዛ ወንበር ላይ ወጣች። በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ኮርሳ ብዬ ልጻፍ፣ አባ?»

በዚህ አካባቢ እሷን ከተወለደች ጀምሮ የኮርሳ ልጅ እያሉ ነው የሚጠሯት።

«አይ» አሉ። «የኦብሴ አባት ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። የመጨረሻው ፊደል ላይ ቀለሙ በዛና በግድግዳው ወደ ታች ፈሰሰ። ልትጠርገው ስትል አቶ ኮርሳ ሽርጧን ያዝ አደረጉ።

«ተይው» አሉ፤ ከጽሑፉ ሥር ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ተቀመጡ።