ላብ የማያውቃት ተኳሽ

በላውንደሪያችን ልብስ የምተኩሰው እኔ ነኝ። ባለቤቴ በሩ አጠገብ፣ ማራገቢያው ሥር ተቀምጦ ደንበኛ ያስተናግዳል።

ከሰሞኑ የካውያው እንፋሎት ፊቴን እየለበለበኝ አንዲት ጠብታ ላብ አይወጣኝም። እሱ ግን ያ ሁሉ ነፋስ እየነፈሰለት ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ይውላል።

«አንቺማ የታደልሽ ነሽ» ይለኛል፣ ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ። እኔም እስቃለሁ። ሰውነት መቼም ጌታውን አይስትም፤ ሲሞቀው ያልበዋል፣ ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፣ ማንም ሳያዘው ልኩን ይጠብቃል ብዬ አምን ነበር።

ዛሬ ከሰዓት የደንበኛ ልብስ ሊያደርስ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ዶፍ ወረደ። እኔ የጋለ ካውያ በእጄ ይዤ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር።

እሱ ከራስ እስከ እግሩ በስብሶ ተመለሰ።

«ኧረ በረዶም አለው! ግን ምንም አልበረደኝም» አለ እየሳቀ።

ስንቀጠቀጥ እያየኝ ምን ሆንሽ አላለኝም። እንደ ልማዱ ከጆጉ ውሃ ቀዳልኝ። ውሃ ሳያጠጣኝ አይውልም፤ በዚህ አሳቢነቱ እህቴ እንኳ ትቀናብኛለች።

«ጠጪ እንጂ፣ የኔ ቆንጆ።»

ጠጣሁ። ምላሴ ከላንቃዬ አልላቀቅ አለ። ሁለተኛውንም ጨለጥኩት፤ ጉሮሮዬ እንደደረቀ ነው። ባዶውን ብርጭቆ ይዤ ቀና ስል፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ይልሳል።

«እስቲ አንድ ድገሚልኝ» አለ፤ «ገና አልረካሁም።»