ገና ያልመጣው ኔትወርክ

ሐረገወይን ስልኳን ለሦስተኛ ጊዜ አጥፍታ አበራችው። ሲግናል አለ፤ ኢንተርኔቱ ግን የለም። እናቷ አገር ቤት፣ ደሴ ላይ በኮሮና ተይዛ ኦክስጅን ከተደረገላት አምስተኛ ቀኗ ነበር። ወንድሟ ጠዋት ጠዋት በኢሞ የሚደውልበት ሰዓት አልፏል።

«እስቲ ሲሙን አውጥተሽ መልሺው» አለች አብራት የምትኖረው ኑኑ ከላይኛው አልጋ። ሐረገወይን ሎቲዋን ከጆሮዋ አውልቃ በጫፉ ሲሙን ገፍታ አወጣች፤ በቀሚሷ ጠርጋ መለሰችው። ምንም ለውጥ የለም። «በእመቤቴ፣ ካንቺ ስልክ ሆትስፖት ክፈቺልኝ!»

«የኔም እምቢ ብሏል። ዋላሂ፣ ዛሬ የሁሉም ሙሽኪላ፣ የሁሉም ችግር ነው» አለች ኑኑ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ተናግራ ሳትጨርስ የራሷ ስልክ ትራሷ ሥር ሆኖ የኢሞ መልእክት እያከታተለ ሲገባለት ጮኸ።

ሐረገወይን ሴቲንጉን ከፍታ አንድ በአንድ ወረደች። ዳታው ተዘግቷል። ማታ ስትተኛ ክፍት ነበር፤ የስልኳን መክፈቻ ቁጥር ደግሞ ከኑኑ በቀር የሚያውቅ የለም። ልትከፍተው ጣቷን ስትሰነዝር በሩ ተንኳኳ። በዚያ የሻርጃ ሕንፃ በሽታው ተፈርቶ ክፍል ለክፍል መጠያየቅ ከቀረ ወር አልፎት ነበር። አሁን ግን የየክፍሉ ሴቶች ማስክ አጥልቀው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ኮሪደሩ ላይ ተራርቀው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ስልኩን አስቀምጪው» አሉ ከሴቶቹ በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ አዱኛ።

ሐረገወይን ስልኩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«አልመጣም እኮ፣ እትዬ» አለች ወደ ኋላ እያፈገፈገች። «ኔትወርኩ ገና አልመጣም።»