የማያነቃው ጫት

"አሚን በሉ እንጂ!" ብሎ ጮኸ ሸሪፍ።

ለሚስቱ ለሩሚያ ዱአ ሊያደርጉ እንደ ልማዱ ጫት ይዘው የመጡት የሐረር ጎረቤቶቹ፣ ገና በጠራራ ፀሐይ፣ ጉንጫቸው እንደተወጠረ ግድግዳ ተደግፈው ያንኮራፋሉ።

ሱስ ይጥፋ ተብሎ ሕዝቡ ሁሉ በግዴታ ከተከተበ ወዲህ ጫት ማንንም አያነቃም። ክትባቱ ጉበት ውስጥ የተከለው ኢንዛይም ከዕፅዋት የመጣውን መራራ ነገር ሁሉ አንጎል ሳይደርስ ይዞ ይቆራርጠዋል። ሞርፊንም ከዕፅዋት ነው። የሩሚያ ካንሰር ደግሞ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል፤ ሌላው ማስታገሻ አልበገረውም።

ነርሷ የሞርፊኑን መርፌ ነቅላ እስኪሠራ ጠበቀች። ሩሚያ ትራሱን ነከሰች።

"ጨምሪላት!"

"ብጨምርም ያው ነው፣ ጋሽ ሸሪፍ። ጉበቷ ይጠርገዋል።"

"ጉበታችንን ፖሊስ አደረጋችሁት! ሌባውንም እንግዳውንም እኩል የሚደበድብ ፖሊስ! ይሄንንም ጤና ትሉታላችሁ!" ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ተመላለሰ።

"ሸሪፍ" አለች ሩሚያ፣ "እሷ ላይ ምን ያስጮህሃል? እሷም እንደኛው ተከትባለች። ይልቅ እጅህን ስጠኝ።"

አጠገቧ ተቀምጦ ሰጣት። ሕመሙ ሲነሳባት ጣቶቹን አጥንታቸው እስኪንቋቋ ድረስ ጨመቀቻቸው። ጥርሱን ነከሰ እንጂ እጁን አልሳበም።

"አመመህ?"

"በጣም።"

"እሰይ!" አለች። ላቧ በፊቷ እየወረደ ሳቀችና እንደገና ጨመቀችው።