የፈረሱ ጅራት

አያ ረታ ሥዕሉ ፊት ከቆሙ ቆዩ። እኔም ከኋላቸው ቆሜ ዛሬ ደግሞ የቱን እንደሚነቅፉ እጠብቃለሁ። መልሴን ጠዋት ሱቁን ስከፍት ጀምሮ አጥንቼዋለሁ። «አያ ረታ፣ እኔ በቃኝ፤ ከዚህ በኋላ ሌላ ሠዓሊ ይፈልጉ» እላቸዋለሁ።

ንፋስ መውጫ ላይ በሥዕል የሚተዳደር ሰው አስቸጋሪ ደንበኛ አያጣም። ባጃጁ ላይ አንበሳ አሥሎ «ይሄማ ድመት ነው» ብሎ የተጣላኝ አለ። ፎቶዋን በቴሌግራም ልካ «አፍንጫዬን ቀንስልኝ፣ ግን እኔን ልምሰል» ያለችኝም አለች። እንደ አያ ረታ ያለ ግን አልገጠመኝም። አሥራ አንድ ወር ሙሉ በየገበያው ቀን የሦስት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ይመጣሉ፤ አንድ እንከን ሳያገኙ ተመልሰው አያውቁም።

ያዘዙኝ ቅዱስ ጊዮርጊስን ነው። ልጃቸው ቻላቸው በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ከወጣ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ድምፁ ጠፍቷል። «ልጄን በደኅና መልስልኝ፣ ሥዕልህን ለደብርህ አስገባለሁ» ብለው ተሳሉ። በእኛ ዘንድ የባለስለቱ መልክ ከሥዕሉ ግርጌ ተንበርክኮ ይሣላል። እኔም ከፈረሱ እግር ሥር እሳቸውንና ባለቤታቸውን ባዩሽን አንበረከክኋቸው፤ ልጁን መሃል አደረግሁትና የክርስትና ስሙን «ወልደ ጊዮርጊስ» ብዬ ጻፍኩበት። ፊቱ ግን ባዶ ነው። ፎቶ አምጡልኝ ባልኋቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው።

«ፎቶ ምን ያደርግልሃል? መጥቶ ራሱ ይቀመጥልሃል።»

እስከዚያው ፈረሱን መከራ አሳዩት። መጀመሪያ «ይሄ እርጥብ ሽንብራ የበላ ፈረስ ነው» አሉ፤ ሆዱን ቀነስኩ። በሳምንቱ «ገብስ ሳይቀምስ የከረመ ነው» አሉ፤ መለስኩለት። ዘንዶው ይስቃል ተባለ፤ አፉን ዘጋሁት። ከዚያ ጅራቱ መጣ። አንዴ የበሬ ነው፣ አንዴ የአህያ ነው፣ አራት ጊዜ ፍቄ ሣልኩት። አንድ ቀን ተናድጄ «ጊዮርጊስ ራሱ በዚህ ፈረስ እስካሁን በሄደ ነበር» ብላቸው፣ «የት ይደርሳል ብለህ» አሉኝ።

አሁን ግን ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ፈረሱን ከኮቴው እስከ ጆሮው ያዩታል።

«እንግዲህ ይናገሩ፤ ዛሬስ ምኑ ነው?» እላለሁ።

«ምንም አይል።»

«ጅራቱስ?»

«ጅራቱም ደኅና ነው። እጅህ ይባረክ።»

ይህን ቃል አሥራ አንድ ወር ጠብቄው ነበር። ስሰማው ግን ደስ አላለኝም።

አያ ረታ እጃቸውን ወደ ካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ሰድደው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ያወጣሉ። ላስቲኩን ቀስ ብለው ይፈቱትና ቀለሞቼ መሃል ያስቀምጡታል። ቻላቸው ስምንተኛ ክፍል ሲፈተን የተነሣው ጉርድ ፎቶ ነው። ጠርዙ ታሽቶ ልሟል፤ ዛሬ ከሣጥን የወጣ አይመስልም። ይህን ሁሉ ጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይመላለሱ ነበር።

«ከዚሁ ላይ እያየህ ሣለው» ይላሉ።

«መጥቶ ይቀመጣል ብለውኝ አልነበር እንዴ?» እላለሁ። ካልሁ በኋላ አፌን በቆረጠው ብዬ ተመኘሁ።

«አብሮት የሄደ የስማዳ ልጅ ትናንት ወገዳ ገብቷል። ከጀልባዋ እሱ ብቻ ነው የወጣ።» ድምፃቸው የገብስ ዋጋ የሚነግሩኝ ያህል ደረቅ ነው። «እናቱ ነገ ንጋት ላይ መርዶ ትረዳለች። ሽማግሎቹን ነግሬያቸዋለሁ። ለሷ ገበያ ነው የምወጣ ብያት ነው የመጣሁ።»

ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ በየሳምንቱ ፊታቸውን እያየሁ ለእኔ አልገባኝም። ሥዕሉ እስካላለቀ ድረስ ልጁም መንገድ ላይ ነበር። እኔ እሳቸውን የምገላገልበትን ቀን ስቆጥር፣ እሳቸው ፈረሱን ሲያከሱና ሲያወፍሩ ልጃቸውን ያቆዩ ነበር። አፈርኩ።

«ታዲያ ስለቱስ?» እላለሁ።

«እሱማ አላደረገልኝም።» ቅዱሱን ቀና ብለው ያዩታል። «እኔ ግን ከአፌ ወጥቷል። ለነፍሱ ይሁን።»

በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ። ዛሬ የመጡት ሊነቅፉ ሳይሆን ሲያልቅ ሊያዩ ነው። ፎቶውን ከሸራው ጠርዝ ላይ በማጣበቂያ እለጥፋለሁ። ቀጭኑን ብሩሽ አነሣለሁ፤ ቀለም እነክራለሁ። ባዶው ፊት ከእጄ አንድ ስንዝር ነው፤ ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ አፉን ለመጨረስ አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም። ብሩሹን ግን መልሼ አስቀምጣለሁ።

«አያ ረታ» እላለሁ፤ «ጅራቱ እኮ አሁንም አጭር ነው። እኔም ሳየው አልወደድሁትም። ፍቄ ላስተካክለው፤ ሁለት ሦስት ገበያ ቢወስድብኝ ነው።»

ቀና ይላሉ። ጅራቱን ከላይ እስከ ታች ያዩታል፣ ደግመው ያዩታል። አንድ እንከን፣ ትንሽም ትሁን፣ እንዲያገኙበት በልቤ እለምናለሁ።

«የለም ልጄ» ይላሉ፤ «ደኅና ጅራት ነው።»