ስድስተኛው ካሴት

«ከአንደኛው ነዋ! ይሄም ይጠየቃል እንዴ?» አለኝ ወንድሜ ሺንጎ፣ ስድስቱን የጌም ካሴቶች ጠረጴዛው ላይ በተራ እየደረደረ።

ለአዲስ ዓመት ብለው እሱን ከሆስፒታል ለጥቂት ቀን ለቀውልናል። የምንኖርባትን የጃፓን ከተማ፣ ኒጋታን፣ በረዶ ውጧታል። እግራችንን ከሥሩ በሚያሞቀው ጠረጴዛ ውስጥ ከተን መንደሪን እንልጣለን። ሺንጎ ከስቶ፣ ሹራቡ የሌላ ሰው እስኪመስል ሰፍቶታል።

እሱ የሚያውቀው የጨጓራ ቁስል እንዳለበት ነው። ካንሰር መሆኑን ሐኪሙ ለእናታችን ነገራት፣ እሷ ለኔ። ለበሽተኛው ለራሱ አይነገርም፤ በኛ ዘንድ ወጉ ነው። እንዳልነግረው ምያለሁ። በረዶው እስኪቀልጥ በሕይወት ከቆየ ጥሩ ነው ብለዋል ሐኪሞቹ። ይህን በሆድ ይዞ መንደሪን መላጥ እንዴት ይከብዳል መሰላችሁ!

ከድሮ ጀምሮ ይህን ጌም አብረን እንድንጫወት ይለምነኛል። ሕጉ ግን ሕግ ነው፤ ታሪኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚቀጥል ማንም ከመሃል አይጀምርም። ከሦስተኛው የጀመረ ጓደኛውን ስንት ጊዜ አኩርፎታል። ዛሬ «እሺ ጋሼ፣ አስተምረኝ» ስለው ፊቱ በራ።

አንደኛው ብቻውን ወራት ይፈጃል። ስድስተኛውን ደግሞ ገና ገዝቶት ሳይጫወተው ነው የታመመው። መጨረሻውን ሳያይ ሊሄድ? አንጀቴ አልቻለም። እጄ ወደ ስድስተኛው ሄደ።

«አንቺ!» ብሎ ሳቀ። «አምስቱን ዘለሽ? ጉድ ነው! ምን አጣደፈሽ?»

«ሥዕሉ ያምራላ» አልኩት።

ሳቁ ቆመ። ያውቀኛል፤ ተከታታይ ድራማ እንኳ አንድ ክፍል ካመለጠኝ የማልቀጥል ሰው ነኝ። ካሴቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ደግሞ ካሴቱን አየ። ያደረግሁት ያኔ ገባኝ። ሐኪሙም እናቴም የደበቁትን እኔ በጣቴ ነገርኩት። ምነው እጄን በቆረጠው!

እናታችን ኩሽና ውስጥ ካሮት ስትከትፍ ይሰማል።

«ለስድስቱም አይበቃም ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጊዜው።»

«ጋሼ...» እንባዬ ጉንጬ ላይ ወረደ።

«ተይ ቺሆ፣ አታልቅሺ፣ ትሰማሻለች።» ስድስተኛውን አንስቶ ማጫወቻው ውስጥ ከተተው። «እማዬ ማወቄን እንዳትሰማ። እሷ የምትጽናናው አያውቅም ብላ ነው። እሺ በይኝ።»

«እሺ።»

እናታችን የሩዝ ቂጣ በሾርባ ይዛ ገባች። «ምንድነው ሹክሹክታው?»

«ይቺን ደንቆሮ ጌም እያስተማርኳት ነዋ!» አላት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ቆይ ብቻ፣ ለከርሞ አዲስ ዓመት እንዴት ያለች ባለሙያ እንደማደርጋት ታያለሽ።»

እናታችን ከልቧ ሳቀች። በጠረጴዛው ሥር እግሩ እግሬን ፈልጎ አገኘና ጫን አለው።